ልጅዎ ውሃ አልጠግብ ሲል፦ የመለካት፣ የማስመርመርና ልማዱን የማስተካከል አሠራር

«ልጄ ውሃ አይጠግብም፤ ጤና ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከ1 እስከ 3 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ካሏቸው ወላጆች ሳያቋርጥ ይደርሰኛል። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ልጃቸው ጡጦውን ከአፉ አልነቅል ብሎ ምግብ እንቢ ያላቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ዳይፐሩ ቶሎ ቶሎ እየሞላ ልጁ ግን እየከሳ የሄደባቸው ናቸው። ሁለቱ ልጆች ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለመጀመሪያው ልማዱን በቀስታ ማስተው ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ግን በዚያው ቀን ደሙ ካልታየ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም የምሰጠውን መልስ ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። በመጀመሪያ የደም ስኳር ይታያል፤ ቀጥሎ የሚጠጣውና የሚሸናው ይለካል፤ ልማድን ማስተካከል የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። እባክዎ ይህን ቅደም ተከተል አይለውጡት።

መመሪያው የተዘጋጀው 1 ዓመት ለሞላቸው ልጆች ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የእናት ጡት ወይም የሕፃናት ዱቄት ወተት እንጂ ውሃ አይሰጠውም። ከ1 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥማቱ ካሳሰበዎት ቤት ውስጥ ለመለካት ጊዜ ሳያጠፉ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንም ሳይለኩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚኬድባቸው ምልክቶች

ልጁ ውሃ ከማብዛቱ ጋር ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ከታየበት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ።

- ደጋግሞ ማስታወክ ወይም የሆድ ሕመም፤
- ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ በተለይ ሳልና ጉንፋን ሳይኖረው፤
- ከአፉ የሚወጣ፣ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ፤
- ያልተለመደ እንቅልፋምነት፣ መዝለፍለፍ፣ ሲቀሰቅሱት ለመንቃት መቸገር ወይም መንቀጥቀጥ፤
- የዓይን መሰርጎድ፣ ወይም የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ወደ ቦታው በዝግታ መመለስ፤
- በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ልብሱ እስኪሰፋው ድረስ መክሳት።

ከዝርዝሩ ብዙዎቹ በአይነት 1 የስኳር ሕመም ምክንያት ደሙ አሲድ እየሆነ መምጣቱን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ ወደ ሰውነት ሕዋሳት መግባት ስለማይችል ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ኩላሊት ትርፉን ስኳር በሽንት ሲያስወጣ ውሃውንም አብሮ ይጎትተዋል፤ ልጁ የሚጠማውም ይህን የፈሰሰ ውሃ ለመተካት ነው። በዚህ መሐል ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚህም ኬቶን የሚባለው አሲድ ይመረታል። በትልልቅ ሰዎች ላይ ሳምንታት የሚወስደው ነገር በታዳጊ ሕፃን ላይ በቀናት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። አተነፋፈሱ የሳንባ ምች፣ ማስታወኩ የጨጓራና የአንጀት ሕመም፣ መዝለፍለፉ ወባ እየመሰለ ስለሚያሳስት፣ የድንገተኛ ክፍል እንደደረሱ «ውሃ ያበዛል፣ ሽንቱም በዝቷል፤ ስኳሩን እዩልኝ» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመናገር ወደኋላ አይበሉ፤ ለአንድ ልጅ ብዙ ሰዓት ልታተርፍለት ትችላለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አሜሪካ ያላችሁ 911፣ እስራኤል 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ትደውላላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1. ደብተርና እስክሪብቶ፤ በስልክ ከመጻፍ ይልቅ ደብተር የምመርጠው ልጁን የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ ሞግዚትም አያትም፣ እዚያው ላይ እንዲጽፍ ነው።
2. የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው ጡጦ ወይም የኩሽና መለኪያ፤ ይህ ከሌለ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያገለግላል።
3. ክዳን ያለው ንጹሕ የ1 ሊትር ጠርሙስ ወይም ጆግ።
4. በግራም የሚመዝን የኩሽና ሚዛን።
5. ልጁ ዳይፐር የማያደርግ ከሆነ ፖፖ።
6. የልጁ የክትባትና የእድገት መከታተያ ካርድ፤ ቀድሞ የተመዘነበት ኪሎ እዚያ ላይ ስለሚገኝ።
7. ንጹሕና ደረቅ የሽንት ናሙና ዕቃ፤ ከፋርማሲ ወይም ከጤና ተቋሙ ይገኛል።

ደረጃ 1፦ የደም ስኳሩን ዛሬውኑ ያስለኩ

በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሄደው የጣት ደም ስኳር ያስለኩ፤ ቤት ውስጥ መለኪያ መሣሪያ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለም በዚያ መጀመር ይቻላል። ምርመራው አንዲት ጠብታ ደም ብቻ የሚፈልግ ሲሆን ውጤቱ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይታወቃል። ልጁ የግድ በባዶ ሆዱ መሆን አያስፈልገውም፤ «ነገ ጠዋት ሳይበላ እንወስደዋለን» ብሎ ማሳደር ትክክል አይደለም፤ ምልክት ያለበት ልጅ በማንኛውም ሰዓት የሚለካው ስኳር በቂ መረጃ ይሰጣልና።

ከመለካትዎ በፊት የልጁን እጅ በሳሙናና በውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ጣቱ ላይ የቀረ የማንጎ፣ የማር ወይም የብስኩት ርዝራዥ ንባቡን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል፤ እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ስለሚያቀጥነው ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ደሙን ከጣት ጫፍ መሐል ሳይሆን ከጎን በኩል መውሰድ ሕመሙን ይቀንሳል። የስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት፣ መሣሪያው ላይ የሚሰካው ቀጭን መለኪያ) የአገልግሎት ጊዜ አለማለፉንም ያረጋግጡ።

ውጤቱን በዚህ መልክ ያንብቡት። ልጁ ምልክት እያለው ንባቡ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደህና ቢመስልም በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከ140 እስከ 199 ከሆነ እጁን እንደገና አጥበው ይድገሙት፤ ደግሞም በዚያው ክልል ከወጣ በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳዩ። ከ140 በታች ከሆነ ለጊዜው ስኳር ነው የሚያሰኝ ስላልሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ። እንግሊዝን በመሳሰሉ አገሮች ያሉ መሣሪያዎች በሚሊሞል ስለሚያነቡ ቁጥሩ አያደናግርዎ፤ እዚያ 11.1 ማለት እዚህ 200 ማለት ነው። መሣሪያው ላይ ቁጥር ጠፍቶ «HI» (ከፍተኛ) የሚል ጽሑፍ ከወጣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው አይተዉት፤ ስኳሩ ከመለኪያው አቅም በላይ ሆኗል ማለት ስለሆነ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ግልጽ የሆኑ ምክንያቶችን ይለዩ

ልጁ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለበት ጥማቱ ፈሳሽ መጉደሉን የሚናገር ነው። ተቅማጥ ያለበት ልጅ ውሃ በጉጉት ተሻምቶ የሚጠጣ ከሆነና እየተነጫነጨ ከሆነ ሰውነቱ ፈሳሽ ማጣት ጀምሯል፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ልክ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይስጡትና ለጤና ባለሙያ ያሳዩት። ፓኬቱን ከታዘዘው ባነሰ ውሃ መበጥበጥ ጨዉን ስለሚያበዛው ጥማቱን ያባብሳል።

ቀጥሎ የአየሩን ሁኔታና ምግቡን ይመልከቱ። በቆላ አካባቢ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ የሚኖር ልጅ በላብ ያጣውን ለመተካት ብዙ መጠጣቱ ተገቢ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሽንቱ አይበዛም፤ ይህ ጥሩ መለያ ነው። ለአዋቂ የተሠራ ጨው የበዛበት ሽሮ ወይም ወጥ፣ ቺፕስና የታሸገ ሾርባም ያስጠማል። እነዚህን ለሁለት ቀን አስወግደው ጥማቱ ከቀነሰ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ የቀኑን ውሃ አንድ ቦታ ያስቀምጡ

ልጁ በቀን ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ ሲጠየቁ ብዙ ወላጆች በግምት ይመልሳሉ፤ ግምቱ ደግሞ ጡጦው ግማሽ ሲደርስ እንደገና ስለሚሞላ፣ የተደፋውም እንደተጠጣ ስለሚቆጠር ብዙ ጊዜ ይስታል። ይህን ለማስቀረት ጠዋት ልጁ ሲነቃ የ1 ሊትሩን ጠርሙስ እስከ ምልክቱ ይሙሉና ስሙን ይጻፉበት። ቤተሰቡ በሙሉ ለልጁ ውሃ የሚቀዳው ከዚህ ጠርሙስ ብቻ ይሁን። ካለቀ እንደገና ይሙሉና ደብተሩ ላይ ያስፍሩ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ለክተው ከጠቅላላው ይቀንሱ። ጡጦው ውስጥ ቀርቶ የተደፋውንም እንዲሁ ይቀንሱ።

ይህን ለ2 ሙሉ ቀናት፣ ማለትም ሁለት ጊዜ 24 ሰዓት ያድርጉት፤ አንድ ቀን ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ከሁለት ቀን በላይ መቀጠል ደግሞ ሐኪም ጋር መሄጃውን ያዘገያል።

በመለካቱ ቀናት ልጁን ውሃ አይከልክሉት፤ አያባብሉትም። የሚፈለገው የዘወትር አጠጣጡን እንዳለ ማየት ነው።

ደረጃ 4፦ ውሃ ያልሆነውንም ፈሳሽ ይመዝግቡ

ወተት፣ ሻይ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጭማቂ፣ አጥሚትና ሾርባ ሁሉ ይቆጠራሉ። ለእያንዳንዱ ሰዓቱን፣ ዓይነቱን፣ መጠኑን፣ እንዲሁም ልጁ ራሱ ጠይቆ ይሁን ወይም እርስዎ ሰጥተውት ይሁን ይጻፉ። የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ልማድን ከሕመም ለመለየት ከሁሉም በላይ ይረዳል። አንድ ገጽ ላይ «3፡20፣ ጭማቂ፣ 150፣ ሲያለቅስ ሰጠሁት፤ 4፡00፣ ጭማቂ፣ 120፣ ሲያለቅስ ሰጠሁት» የሚል መስመር ተደጋግሞ ካነበብኩ፣ ልጁ የሚጠይቀው ፈሳሽ ሳይሆን ማጽናኛ መሆኑን እጠረጥራለሁ። «8፡10 ሌሊት፣ ውሃ፣ 200፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ ጠየቀ፤ 10፡00 ሌሊት፣ ውሃ፣ 200፣ ነቅቶ ጠየቀ» የሚል ከሆነ ግን ደብተሩን ይዘው በማግስቱ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እመክራለሁ።

ጡት የሚጠባ ልጅ የጠባውን መለካት ስለማይቻል ስንት ጊዜ እንደጠባ ብቻ ይጻፉ።

ደረጃ 5፦ ሽንቱን ይለኩ

የሚጠጣውን ብቻ መለካት በቂ አይደለም፤ ሐኪሙ የበለጠ የሚያምነው የሚወጣውን ነው። በመጀመሪያ አንድ ደረቅ ዳይፐር መዝነው ክብደቱን ይጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን የረጠበ ዳይፐር እንደፈቱት መዝነው የደረቁን ክብደት ይቀንሱ። 1 ግራም በግምት 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ደረቁ 30 ግራም የሆነ ዳይፐር ረጥቦ 180 ከመዘነ ልጁ 150 ሚሊ ሊትር ሸንቷል ማለት ነው። ሚዛኑ እንዳይቆሽሽ ዳይፐሩን በፌስታል ያድርጉትና የፌስታሉን ክብደትም ይቀንሱ። ሰገራ ያለበትን ዳይፐር ለብቻው «ሰገራ ያለበት» ብለው ይጻፉት፤ ከድምሩ ጋር አይቀላቅሉት። የጨርቅ ዳይፐርም በዚሁ መንገድ ይመዘናል፤ ነገር ግን ልብሱንና አንሶላውን ስለሚያረጥብ ውጤቱ ከእውነተኛው ያነሰ መሆኑን ይወቁ። በፖፖ የሚሸና ከሆነ ወደ መለኪያው ገልብጠው ያንብቡ።

ሚዛን ካላገኙ የተቀየረውን የዳይፐር ብዛት፣ ሌሊት ሞልቶ ያፈሰሰ እንደሆነና የሽንቱን መልክ ይጻፉ። ቀኑን ሙሉ፣ ጠዋት ሲነሳ እንኳ፣ እንደ ውሃ የነጣ ሽንት ለሐኪም የሚነገር ነው።

ደረጃ 6፦ ቁጥሮቹን ከክብደቱ ጋር ያስተያዩ

የልጁን ክብደት ይያዙና በቀን የሚያስፈልገውን ጠቅላላ ፈሳሽ እንዲህ ያስሉ፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎዎች ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ10 እስከ 20 ላሉት ኪሎዎች ለእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1,000፣ 12 ኪሎ የሚመዝን 1,100፣ 14 ኪሎ የሚመዝን 1,200 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። በዚህ ውስጥ ወተቱም፣ በምግቡ ያለውም ውሃ ተካትቷል። ባለ 12 ኪሎው ልጅ በቀዝቃዛ አየር፣ ሳይታመም፣ በሁለቱም ቀናት 1 ሊትር ተኩልና ከዚያ በላይ ከጠጣ በግልጽ በዝቷል።

ለሽንቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በ24 ሰዓት የሚለውን ወሰን ይያዙ። ባለ 12 ኪሎው ልጅ 1,200 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚሸና ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ጤናማ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚሸናው ከዚህ ከግማሽ በታች ነው።

ከዚያም ካርዱ ላይ ያለውን የቀድሞ ኪሎ ከዛሬው ጋር ያስተያዩ። ቁጥሮቹ ወሰኑን ባያልፉም፣ ውሃ የሚያበዛ ልጅ ክብደቱ ከቆመ ወይም ከቀነሰ ለሐኪም ይታያል።

ደረጃ 7፦ ደብተሩንና የጠዋት ሽንቱን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ

ልጁ ጠዋት ሲነሳ የሚሸናውን የመጀመሪያ ሽንት በናሙና ዕቃው ይያዙና በተቻለ መጠን በ1 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። የጠዋቱ ሽንት የሚመረጠው ጤናማ ኩላሊት ሌሊት ውሃ ቆጥቦ ሽንቱን ስለሚያወፍረው ነው፤ ጠዋትም የቀጠነ ከሆነ ኩላሊቱ ውሃ መያዝ አልቻለም የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። የሳል ሽሮፕ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ አጥበውም ቢሆን አይጠቀሙ፤ የቀረው ስኳር ምርመራውን ያሳስታል። ዳይፐር ለሚያደርግ ልጅ ተለጥፎ ሽንት የሚይዝ ከረጢት ከፋርማሲ ወይም ከላቦራቶሪው ይጠይቁ፤ ከዳይፐር የተጨመቀ ሽንት አይወስዱም።

ሐኪሙ በሽንቱ ውስጥ ስኳርና ኬቶን መኖሩን፣ የሽንቱን ውፍረት፣ በደሙ ውስጥም ስኳር፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና የኩላሊት ሥራን ሊያይ ይችላል። ስኳሩ ትክክል ሆኖ ሽንቱ ግን እጅግ የቀጠነ ከሆነ ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ የሚባለውን ሕመም ያስባል። ይህ ከስኳር ሕመም ጋር በስም ይቀራረብ እንጂ ግንኙነት የለውም፤ አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚለቀቀው ውሃ የሚያስቆጥበው ሆርሞን ሲጎድል፣ ወይም ኩላሊት ለሆርሞኑ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከወተትና ከጭማቂ ይልቅ ተራ ውሃን፣ በተለይም ቀዝቃዛውን ይመርጣል፤ ሌሊት እየነቃ ይጠጣል፤ ሲታጠብ የመታጠቢያውን ውሃ፣ ካገኘም የጀሪካኑን ወይም የአበባ ማስቀመጫውን ውሃ ሳይቀር ይጠጣል፤ የሆድ ድርቀትና ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል። እነዚህን ካዩ ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ ሐኪሙ በአጭር የምርመራ ጊዜ ሊያያቸው የማይችላቸው ነገሮች ናቸውና። ለልጁ እየተሰጠ ያለ መድኃኒት ካለም ይዘውት ይሂዱ።

ደረጃ 8፦ ሐኪሙ «ጤነኛ ነው» ካለ በኋላ ልማዱን ያስተካክሉ

ወደዚህ ደረጃ የሚመጡት ስኳሩ፣ ሽንቱና እድገቱ ታይቶ ሕመም እንደሌለ ከተነገረዎት ብቻ ነው። ልማድ የሆነበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጣፋጭ ወይም ወተት ነው፤ ተራ ውሃ ሲሰጡት ይገፋዋል፤ ሌሊት ለመጠጣት ብሎ አይነቃም፤ ሆዱ በፈሳሽ ስለሚሞላ ምግብ አይበላም፤ ሰገራውም ሊቀጥን ይችላል።

ሀ) ጣፋጩን ያቅጥኑ። ጭማቂውን መጀመሪያ ሦስት እጅ ጭማቂ ለአንድ እጅ ውሃ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እኩል በእኩል፣ ከዚያም አንድ እጅ ጭማቂ ለሦስት እጅ ውሃ እያደረጉ በ2 ሳምንት ገደማ ወደ ተራ ውሃ ያድርሱት። በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ቀስ በቀስ ማቅጠኑ የሚመረጠው ልጁ ጣዕሙን ሳያስተውለው ስለሚለምድ ነው። ለዚህ ዕድሜ ጭማቂ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር ማለፍ የለበትም፤ ባይሰጠውም ምንም አይጎድልበትም። ሻይን ግን ከማቅጠን ይልቅ ሙሉ በሙሉ ያስቀሩት፤ ካፌይን ከመያዙም በላይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል።

ለ) ወተቱን በመጠን ይስጡ። በቀን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። የላም ወተት የሚያበዛ ልጅ ሆዱ ስለሚሞላ ሌላ ምግብ አይበላም፤ ወተት ደግሞ ብረት የለውም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ስለሚያንሰው ደም ማነስ ያስከትላል።

ሐ) ጡጦውን በኩባያ ይተኩ። ጡጦ ልጁ ሳይጠማው እየተጫወተም እየተኛም እንዲመጠምጥ ያስችለዋል፤ ከኩባያ ለመጠጣት ግን ቆም ማለት ይጠይቀዋል። መጀመሪያ የቀኑን ጡጦ ያስቀሩ፤ የመኝታውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። የመኝታውን ወተት በየሌሊቱ 30 ሚሊ ሊትር እየቀነሱ መሄድ ልጁንም ቤተሰቡንም ብዙ አያስቸግርም። ጣፋጭ ወይም ወተት አፉ ላይ ይዞ የሚያድር ልጅ የፊት ጥርሶቹ ይበሰብሳሉ።

መ) የመጠጫ ጊዜ ያብጁ። በምግብና በመክሰስ ሰዓት ከምግቡ በኋላ ኩባያውን ያቅርቡ። በመሐሉ ተጠምቶ ሲጠይቅ ተራ ውሃ ይስጡት፤ ተራ ውሃ በዚህ ዕድሜ ፈጽሞ አይከለከልም። ሲያለቅስ ግን በጡጦ ፈንታ እቅፍ ያድርጉት፣ ያጫውቱት፤ ልጁ የለመደው ማጽናኛ ሲወሰድበት ሌላ ማጽናኛ ካላገኘ ትግሉ ይረዝማል።

ሠ) ከ2 ሳምንት በኋላ እንደገና ለአንድ ቀን ይለኩና ይመዝኑት። የምግብ ፍላጎቱ ከተመለሰና ሽንቱ ከቀነሰ ልማድ ነበር። ጣፋጩ ቀርቶም ተራውን ውሃ በዚያው መጠን የሚጠጣ ከሆነ ወደ ደረጃ 7 ተመልሰው ሐኪሙን በድጋሚ ያነጋግሩ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ውሃ ከልክሎ መሞከር። ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። «ሌሊት ውሃ ሳልሰጠው ላሳድረውና ልየው» የሚል ወላጅ ልጁ ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ ካለበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የደሙ ሶዲየም በአደገኛ ሁኔታ እንዲያሻቅብና አንጎሉ እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል። የውሃ ክልከላ ምርመራ አለ፤ ነገር ግን የሚደረገው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልጁ በየሰዓቱ እየተመዘነና ደሙ እየታየ ነው።

በጉንዳን መፍረድ። ሽንቱ የፈሰሰበት ቦታ ጉንዳን ስላልመጣ ስኳር የለበትም ማለት አይቻልም፤ ስለመጣም አለበት ማለት አይደለም። የጣት ደም ምርመራ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ለደከመ ልጅ ለስላሳ መስጠት። «ጉልበት ይሰጠዋል» ተብሎ የሚሰጥ ለስላሳ ወይም የማር ውሃ ስኳሩ ከፍ ያለበትን ልጅ ያባብሰዋል። ስኳሩ እስኪታወቅ ድረስ ሲጠማው ተራ ውሃ ይጠጣ።

ምክንያቱን ለጥርስ ወይም ለእንጥል መስጠት። ጥርስ ማብቀል ልሃጭ ያበዛ እንደሆነ እንጂ ጥማትና ሽንት አያበዛም። የሚያስመልስና የሚጠማው ልጅ እንጥሉን ሲቆረጥ ወይም ግግ ሲወጣለት ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይጨመርበታል፤ ዋናው ሕመምም በዚያ መሐል ጊዜ ያገኛል።

ውሃ በግድ ማጠጣት። ተቃራኒውም ስሕተት ነው። ያልጠማውን ልጅ «ሽንቱ ይጥራ» ብሎ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ውሃ ማጠጣት የደሙን ሶዲየም ዝቅ አድርጎ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል።

ሽንት መቆጣጠር የጀመረ ልጅ እንደገና ሲያመልጠው መቅጣት። ለወራት ሳያመልጠው ቆይቶ ድንገት አልጋ ማርጠብ ከጀመረ፣ ውሃም ካበዛ፣ ከመቆጣትዎ በፊት ወደ ደረጃ 1 ይመለሱና በዚያው ቀን ስኳሩን ያስለኩ።